ራስን ስለ መመርመር

ሐሰተኛ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሐሰቱን የሚያውቅ ነው፤ ሁለተኛው ሐሰቱን የማያውቅ ነው። ሐሰቱን የሚያውቀው ሰው ኅሊናው ስለሚወቅሰው፥ ፍርሀትና ኀፍረትም ስላለበት፥ አንድ ቀን ወደ ንስሐ ይመለስ ይሆናል። ሐሰቱን የማያውቀው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ያሳመነ ስለ ሆነ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ ሳይፈራ ይምላል፤ ቢከሰስ ይደነቃል፤ ቢመከርም ይቈጣል። «ልቤ ንጹሕ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ይላል። ይህንንም ሲል አይዋሽም፤ እውነት መስሎታልና።

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። ሁለት ወንድማማች በአባታቸው ርስት ሲካሰሱ ሁለቱም ቅን ፈራጅ የሚፈልጉ ይመስላቸዋል። ባልና ሚስት ሲጣሉ እያንዳንዱ የሌላውን በደል በቀንና በሰዓት ቈጥሮ ያውቃል፤ የራሱን ግን አንዱንም አያስታውስም። በአንድ ደብር በሚያገለግሉ ካህናት መካከል ስለ ሹመት ክርክር ሲነሣ «ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው እንጂ ለራሴ አይደለም» የማይል የለም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቅንነት ብቻውን ይበቃልን? ሰው «በእውነት እንዲህ መስሎኝ ነው» ካለ ከበደል ነፃ ይሆናልን? ነፃ ካልሆነስ፥ ራሱ የማያውቀውን የልቡን ዝንባሌ በምን ሊያውቀው ይችላል?

ይህን ጥያቄ አባቶቻችን በገዳምና በበረሓ በብዙ ጾምና ጸሎት መርምረውታል። እኛ ግን ዛሬ ስለዚሁ ነገር የሚመሰክርልንን ሰው ከሌላ ወገን እናመጣለን። እርሱም የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ምሥጢር በእጁ እየሞከረ የገለጠው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ነው። የፍጥረት መርማሪ ስለ ነፍስ ጉዳይ ምን ሊያስተምረን ይችላል የሚል አንባቢ ቢኖር ታሪኩን እስኪፈጽም ድረስ ይታገሠን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፋራዴይ በ1791 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን በሎንዶን ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጤና የጐደለው ብረት ቀጥቃጭ ነበረ። ቤታቸው ድሀ ስለ ነበረ፥ በ1801 ዓ.ም. የእህል ዋጋ በተወደደ ጊዜ ለልጁ ለሳምንት የሚሰጠው አንድ ዳቦ ብቻ እንደ ነበረ ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ። ከማንበብ፥ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ በቀር ሌላ ትምህርት አልተማረም። በ13 ዓመቱ ለአንድ መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆነ፤ በሚከተለው ዓመትም የጥራዝ ሙያ ለመማር ለ7 ዓመት ውል ገባ። ሌሎች ሠራተኞች የመጽሐፉን ጀርባ ሲያሳምሩ እርሱ ደግሞ ውስጡን ያነብ ነበረ። ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያወቀው ለጥራዝ ከመጣ መጽሐፍ ነው። ካነበበውም ነገር በትንሽ ገንዘብ ሊሞከር የሚችለውን ሁሉ ራሱ እየሠራ ይፈትን ነበረ።

በ1812 ዓ.ም. ከደንበኞቹ አንዱ የመግቢያ ወረቀት ስለ ሰጠው፥ በዘመኑ ስመ ጥሩ የነበረው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ያስተማራቸውን አራት ትምህርቶች ሰማ። የሰማውንም በጥንቃቄ ጽፎ፥ ሥዕሉን ሥሎ፥ በራሱ እጅ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 ዓ.ም. መጋቢት 1 ቀን በዚያ ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ ደመወዙ በሳምንት 25 ሽልንግ ነበረ፤ ከጣራው በታች ባሉት ሁለት ክፍሎችም ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጥበብ ሥራውን ሁሉ ፈጽሞ እስኪደክም ድረስ ያንን ቤት አልለወጠም።

ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠው በ1831 ዓ.ም. ነሐሴ 29 ቀን ያገኘው ነው። አስቀድሞ ሌሎች ሊቃውንት የኤሌክትሪክ ኀይል በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ማግኔትን እንደሚያንቀሳቅስ አስተውለው ነበር። ፋራዴይ ግን «ኤሌክትሪክ ማግኔትን ካስገኘ፥ ማግኔትስ ኤሌክትሪክን ሊያስገኝ አይችልምን?» የሚል አሳብ በልቡ ነበረው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት ደጋግሞ ሞክሮ ምንም አላገኘም። በዚያን ቀን በአንድ የብረት ቀለበት በሁለት ወገን የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፥ አንዱን ሽቦ ከባትሪ ጋር፥ ሁለተኛውንም ከመርፌ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲገናኝ መርፌው ተንቀጠቀጠና ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ባትሪው ሲለያይም እንደ ገና ወደ ሌላው ወገን ተንቀጠቀጠ። ባትሪው እንደ ተገናኘ በቈየበት ጊዜ ግን መርፌው ጸጥ አለ። ሌሎች በጸጥታው ጊዜ መርፌውን እያዩ ስላለፉ ነበር ነገሩን ያጡት። ኀይሉ የሚገኘው በመለወጥ ጊዜ ብቻ መሆኑን እርሱ አስተዋለ። ጥቂት ሳምንታት ቈይቶም ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ያንኑ አገኘ። ዛሬ በዓለም ያሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አብዛኞቹ፥ በሀገራችንም ከቆቃ እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያሉት ሁሉ፥ የሚሠሩት በዚህ ሕግ ነው።

ስለ ሥራው ታላቅነት ይህን ያህል ካልን ይበቃል። ለጥያቄያችን የሚጠቅመን ግን ከዚህ ያነሰ የሚመስለው፥ ብዙ ሰውም የማያስታውሰው ሌላው ሥራው ነው።

በ1853 ዓ.ም. በአውሮፓ አንድ እንግዳ ነገር ተስፋፋ። ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠረጴዛው ይንቀሳቀሳል፤ ይዞራል፤ አንዳንድ ጊዜም ሰዎቹ ተነሥተው እስኪከተሉት ድረስ ይሄዳል። ከተቀመጡትም ሰዎች «እኔ ገፋሁ» የሚል አንድም የለም። አንዳንዶቹ የኤሌክትሪክ ኀይል ነው አሉ፤ ሌሎቹ የሙታን መናፍስት ናቸው አሉ። ከእንግሊዝ ካህናት መካከልም የሰይጣን ሥራ ነው ብለው መጽሐፍ የጻፉ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ነገር ስለ ተነሣ ብዙ ሰው ፋራዴይን ይጠይቀው ጀመር።

እርሱም አልዘበተም፤ እንደ ልማዱ ፈተነ እንጂ። ለፈተናውም ማንም የማይጠረጥራቸውን የተከበሩ፥ ጠረጴዛውም በእጃቸው ፈጥኖ የሚዞርላቸውን ሰዎች መረጠ። በጠረጴዛው ላይ በመካከላቸው ለስላሳ የሰም ድብልቅ ያለባቸውን የካርቶን ቅጠሎች ደራርቦ አኖረ፤ ሰዎቹም እጃቸውን ከላይኛው ካርቶን ላይ አኖሩ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጠረጴዛው በራሱ የሚዞር ከሆነ አስቀድሞ የሚሄደው የታችኛው ካርቶን ነው፤ የላይኛው ከእጅ ጋር ወደ ኋላ ይቀራል። እጅ የሚገፋ ከሆነ ግን የላይኛው ይቀድማል፤ የታችኛው ይከተላል። ጠረጴዛው ዞረ፤ ካርቶኖቹም በተመረመሩ ጊዜ የላይኛው ቀድሞ ተገኘ። ስለዚህ የገፉት ሰዎቹ ነበሩ፤ መግፋታቸውን ግን አያውቁም ነበር።

ፋራዴይ በዚህ አላቆመም። ሁለት ሳንቃዎች ወስዶ በመካከላቸው የሚንከባለሉ የመስተዋት ዘንጎች አገባ፤ በላስቲክም አሰራቸው። የላይኛው ሳንቃ ጥቂት እንኳ ወደ ጐን ቢሄድ የሚያዘነብል ቀጭን የሣር ዘንግ ጠቋሚ አድርጎ አቆመ። ጠቋሚው በተሸፈነ ጊዜ ጠረጴዛው እንደ ቀድሞው ዞረ። ጠቋሚው በሰዎቹ ዓይን ፊት በቆመ ጊዜ ግን፥ እጃቸው ወደ ጐን ሲገፋ ወዲያው ስለሚያዩ መግፋቱ ቀረ፤ ጠረጴዛውም ቆመ። ማንም አልገሠጻቸውም፤ ማንም እጃቸውን አልያዘም። ሳያውቁ ያደርጉት የነበረውን በዓይናቸው ስላዩ ብቻ ማድረጋቸውን ተዉ። ፋራዴይ ይህን በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ በጋዜጦች ጽፎ አወጣ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህን ታሪክ በሚገባ እናስተውለው። እነዚያ ሰዎች አታላዮች አልነበሩም። ቢምሉ በሐሰት ማሉ አይባልም ነበር። ጠረጴዛው እንዲዞር ይመኙ ነበር፤ ምኞታቸውም ልባቸውን ሳያስፈቅድ ወደ እጃቸው ወረደ። ከዚያም እጃቸው የሠራውን ሌላ እንደ ሠራው አድርገው ተደነቁ። የሰው ፈቃድ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ፊት ለፊት ሲመጣ እናውቀዋለን፤ አንዳንድ ጊዜም እንታገለዋለን። ከኋላ መጥቶ እጃችንን ሲገፋ ግን «ነገሩ ራሱ ሄደ» እንላለን።

በቅዱስ መጽሐፍ ይህን የሚያስረዱ ታሪኮች ጥቂት አይደሉም። ንጉሡ ዳዊት ነቢዩ ናታን ስለ ድሀው ሰውና ስለ አንዲቱ በግ በነገረው ጊዜ፥ በባለጠጋው ላይ ቈጥቶ የሞት ፍርድ ፈረደ። ቍጣው የእውነት ነበረ፤ ፍርዱም ቅን ነበረ፤ ሆኖም የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን አላወቀም። የጠርሴሱ ሳውልም ምእመናንን እያሰረ ሲወስድ እግዚአብሔርን የሚያገለግል ይመስለው ነበር። ስለዚህ ለጥያቄያችን መልሱ ግልጽ ነው። ቅንነት አስፈላጊ ነው፤ ያለ ቅንነት ምንም በጎ ነገር አይጀመርምና። ብቻውን ግን አይበቃም። ልባችን ንጹሕ መስሎ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩም ተከሳሹም አንድ ሰው ነውና።

ከዚህ ላይ የሰይጣንን ነገር ለይተን ማየት ይገባናል። ቤተ ክርስቲያናችን ርኩሳን መናፍስት እንዳሉ፥ ሰውንም እንደሚፈትኑ ታስተምራለች፤ እኛም ይህን እናምናለን። ነገር ግን የገዛ እጃችን የገፋውን ሁሉ በሰይጣን ላይ ማኖር ሰይጣንን መቃወም አይደለም፤ ከንስሐ መሸሽ ነው። ያ የእንግሊዝ ጠረጴዛ የዞረው በሰዎቹ እጅ ነበር፤ «ዲያብሎስ አዞረው» ብለው የጻፉት ካህናት ለሃይማኖት የቀኑ ቢመስላቸውም ሰዎቹን ከራሳቸው ኀላፊነት አሳረፉአቸው። በእኛም ዘንድ ጓደኛውን የበደለ ሰው «ክፉ መንፈስ ገፋኝ» ሲል፥ ወይም የልቡን ምኞት በሕልም አይቶ «እግዚአብሔር ገለጠልኝ» ሲል እንሰማለን። አስተዋይ አበ ነፍስ በቶሎ አይቀበልም፥ በቶሎም አይሥቅም፤ አስቀድሞ ይመረምራል። «ይህ ነገር እንዲሆን አስቀድመህ ትመኝ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ስሕተት ያድናል።

አሁን አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይቃወመን ይሆናል። «ሰው ሁልጊዜ ራሱን የሚጠረጥር ከሆነ ምን ሥራ ሊሠራ ይችላል? እየተጠራጠረ ይደርቃል እንጂ።» ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በንስሐ ስም ራሳቸውን እያስጨነቁ ከተስፋ የሚርቁ ነፍሳት እንዳሉ አባቶች ያውቃሉ። ለዚህም ተቃውሞ መልስ የሚሆነን የፋራዴይ ሕይወት ነው፤ እርሱ ራሱን ይጠረጥር ነበር እንጂ አልቦዘነም።

ፋራዴይ በፍጥረት ያሉት ኀይላት ሁሉ እርስ በርሳቸው የተያያዙ እንደ ሆኑ ጽኑ እምነት ነበረው። የፍጥረት ሠሪ አንድ ስለ ሆነ ሥራውም አንድነት እንዳለው ያምን ነበርና። በ1845 ዓ.ም. ማግኔት በብርሃን ላይ እንደሚሠራ በገለጠ ጊዜ ተስፋው በረታ። ከዚያ በኋላ በ1849 ዓ.ም. ነገርን ሁሉ ወደ ምድር የሚስበው ኀይል ከኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማግኘት ከብዶ በሚወድቅ ነገር ብዙ ሞከረ። ምንም አላገኘም። ይህንንም አልሸሸገም፤ ሙከራዎቹ ምንም እንዳላሳዩ፥ ተስፋው ግን እንዳልጠፋ፥ ተስፋውም ማስረጃ እንዳልሆነ ለይቶ ጽፎ አሳተመ። በ1859 ዓ.ም. በአንድ ረጅም ግንብ ውስጥ ከባድ እርሳስ እያወጣና እያወረደ እንደ ገና ሞከረ፤ አሁንም ምንም አላገኘም። ስለዚሁ ያዘጋጀውን ጽሑፍ በ1860 ዓ.ም. አንድ ባልንጀራው ሊቅ ባይታተም ይሻላል ብሎ በመከረው ጊዜ ምክሩን ተቀብሎ መለሰው። በ1862 ዓ.ም. ደግሞ ማግኔት ከእሳት ነበልባል በሚወጣው ብርሃን ላይ ለውጥ ያመጣ እንደ ሆነ ፈተነ፤ በነበረው መሣሪያ ምንም አልታየውም፤ «አልታየም» ብሎም ጻፈ። ያንኑ ነገር ሆላንዳዊው ፒተር ዜማን በ1896 ዓ.ም. በተሻለ መሣሪያ አገኘው።

እንግዲህ በተስፋና በምስክር መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ እንረዳለን። ፋራዴይ ተስፋውን አልገደለም፤ ተስፋ ባይኖረው በሽምግልናው ግንብ ላይ ባልወጣ ነበር። ነገር ግን ተስፋው በምስክር ወንበር እንዲቀመጥ አልፈቀደለትም። ራሱን መጠርጠሩ እጁን አላሰረውም፤ እጁን አሠለጠነው እንጂ። ለነፍስም እንዲሁ ነው። ራሱን የሚመረምር ሰው «እኔ ክፉ ነኝና ምንም አልሠራም» አይልም፤ ይህ ሌላ ዓይነት ትዕቢት ነው። በጎውን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን በጎ መስሎ ስለታየው ብቻ አይመካበትም።

የሥራውንም ሥርዓት እንመልከት። ፋራዴይ በየቀኑ የሚሞክረውን በማስታወሻ ደብተር ይጽፍ ነበር፤ አንቀጹንም በቍጥር ያስከትል ነበር፤ ቍጥሩም ከ16,000 በላይ ደረሰ። በዚያ ደብተር የተሳካውና ያልተሳካው ጐን ለጐን ተጽፈዋል። ሰው ያሰበው ሲሆንለት ያስታውሳል፤ ሳይሆንለት ሲቀር ይረሳል። ይህን ስላወቀ መርሳቱን በጽሑፍ ከለከለው። በ1854 ዓ.ም. ግንቦት 6 ቀን ስለ አእምሮ ትምህርት በሰጠው ንግግርም፥ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጐድለው ትክክለኛ ፍርድ እንደ ሆነ፥ የሚመኘውን ነገር ለማመን እንደሚፈጥን፥ ስለዚህም ምኞቱን መቃወም መማር እንዳለበት አስረዳ። የጠረጴዛው ነገር ለዚህ ንግግር ምክንያት ሆኖት ነበር።

በዚሁ ንግግር ግን ፋራዴይ አንድ ነገር ለየ። ስለሚመጣው ሕይወት ያለን እምነት በሰው ምርምር የሚገኝ ሳይሆን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ትምህርትን በመቀበል እንደ ሆነ፥ ስለዚህም ይህን የመሰለውን ፈተና ወደ ሃይማኖት እንደማያገባ፥ በዚህም ቢነቀፍ ነቀፌታውን እንደሚቀበል ተናገረ። እርሱ የነበረበት ማኅበር ሳንዴማንያን የሚባል ትንሽ የፕሮቴስታንት ወገን ነው፤ በትምህርትም በሥርዓትም ከእኛ የተለየ ስለ ሆነ በዚህ በኩል ምሳሌ አናደርገውም። ስለ ቃሉ ግን እንመርምር። ሃይማኖት በመርፌና በሚዛን አይለካም ማለቱ ትክክል ነው፤ ምሥጢረ ሥላሴን ወይም ምሥጢረ ቍርባንን በጠቋሚ ሊፈትን የሚነሣ ሰው የሚፈትነውን አላወቀም። ነገር ግን የሃይማኖት ነገር አንድ ነው፤ የሃይማኖተኛው ልብ ሌላ ነው። ሃይማኖታችን ከእግዚአብሔር ስለ ተሰጠ ስሕተት የለበትም፤ እኛ ግን ሃይማኖታችንን ይዘን እንሳሳታለን። በሃይማኖት ስም ራስን ማታለል ከሁሉ ይልቅ ይከፋል፤ የእግዚአብሔርን ስም ከፊት አስቀድሞ ስለሚሄድ ማንም ሊጠይቀው አይደፍርምና። ስለዚህ ራስን የመፈተን ሥርዓት ከቤተ ሙከራ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በተአምኖ ኃጣውእ፥ በአበ ነፍስና በመንፈሳዊ አባት ትእዛዝ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሠሩበት ነው። ከመካከላቸው የበቁት እንኳ ያዩትን ራእይ ለአረጋዊ ሳይነግሩ አይቀበሉም ነበር።

ፋራዴይም በሕይወቱ ይህን የሚመስል ነገር አሳይቷል። በ1830ና በ1831 ዓ.ም. ለፋብሪካዎችና ለፍርድ ቤቶች በሚሰጠው ምክር በዓመት ከ1,000 ፓውንድ በላይ ያገኝ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። ምርምሩንና ገንዘቡን አንድነት መያዝ እንደማይችል ባየ ጊዜ ይህን ሥራ አብዛኛውን ተወው። ሮያል ሶሳይቲ የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ቢለምነው አልተቀበለም፤ በስሙ ብቻ መጠራትን ወደደ። በ1844 ዓ.ም. የማኅበሩ ሰዎች ለጥቂት ሳምንታት ከአንድነታቸው ባገለሉት ጊዜ፥ መሳፍንት የሚያከብሩት ሊቅ ሳለ፥ በእጅ ሥራ ከሚኖሩ ሰዎች ፍርድ በታች ሆኖ ታገሠና ተመለሰ። ፍርዳቸው ትክክል ነበረ ወይም አልነበረም ማለት የእኛ ጉዳይ አይደለም። በዓለም የከበረ ሰው በራሱ ላይ የሚፈርድ ሌላ እንዲኖር መፍቀዱ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከ1858 ዓ.ም. ጀምሮ ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው ቤት ተቀመጠ፤ በ1867 ዓ.ም. ነሐሴ 25 ቀንም በዚያው ዐረፈ። መቃብሩም በቤተ መንግሥት ወይም በታላቅ ካቴድራል ሳይሆን በሃይጌት መቃብር በቀላል ድንጋይ ሥር ነው።

እንግዲህ ለእያንዳንዳችን የሚቀረው ጥያቄ «የእኔ ጠቋሚ የት አለ?» የሚለው ነው። ስለ ጠቋሚው ሦስት ነገር እንበል።

አንደኛ፥ ጠቋሚ አስቀድሞ ይቆማል። ፋራዴይ ጠቋሚውን ያቆመው ጠረጴዛው ከዞረ በኋላ አልነበረም። ሰውም ቍጣ ከነደደ በኋላ፥ ወይም ክርክር ከተጀመረ በኋላ «ማን ይመክረኛል?» ቢል የሚመርጠው የሚስማማውን መካሪ ነው። ስለዚህ በሰላም ቀን አበ ነፍስ ያለው፥ ምክሩንም መስማት የለመደ ሰው በመከራ ቀን አይታለልም። የሰበካ ጉባኤን ገንዘብ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድነት ቢቈጥሩት ሐቀኛውን ሰው መጠርጠር አይደለም፤ ሐቀኝነቱን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ፥ ጠቋሚ ነፃ መሆን አለበት። በምስማር የተቸነከረ ዘንግ እጅ ቢገፋም አያዘነብልም። ለጥቅም ብሎ የሚያመሰግን ወዳጅ፥ ፊት አይቶ የሚፈርድ ሽማግሌ፥ ባለጠጋውን የሚፈራ አበ ነፍስ የተቸነከረ ጠቋሚ ነው። ንጉሥን ያዳነው «አንተ ነህ» ብሎ የገለጠለት ነቢይ ነበር፤ በቤተ መንግሥቱ ሌሎች ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም አልነገሩትም። እዚህ ላይ ካህን ከምእመን ይልቅ አደጋ አለበት፤ ሌላውን ለመምከር የተሾመ ሰው መካሪ የሌለው ሆኖ ይቀራልና። አበ ነፍስም ራሱ አበ ነፍስ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፥ ጠቋሚ መታየት አለበት። በተሸፈነ ጊዜ ያ ዘንግ አዘነበለ እንጂ ማንንም አላቆመም። የእግዚአብሔር ሕግ በቤታችን በመደርደሪያ ላይ ተከድኖ ቢቀመጥ፥ ንስሐ አባታችንንም በዓመት አንድ ጊዜ በበዓል ቀን ብቻ ብናየው፥ ጠቋሚ አለን ለማለት አንችልም። ማታ ማታ ከጸሎት በፊት የዋልንበትን ቀን መለስ ብሎ ማየት፥ «ዛሬ በቍጣ የተናገርሁት ለእውነት ብዬ ነውን ወይስ ለክብሬ?» ብሎ ራስን መጠየቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ቢቻልም እንደዚያ ሊቅ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ለይቶ ማስታወስ ይገባል።

በመጨረሻም ተስፋችንን እንናገር። እነዚያ ሰዎች እጃቸው መግፋቱን ባዩ ጊዜ መግፋታቸውን ተዉ። ሰው በደሉን በእውነት ሲያይ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቀሪው ግማሽ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ እርሱ ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ሊያሳፍረን ሳይሆን ሊያድነን ይመረምረናልና። በሌላው ላይ ከመፍረዳችን በፊት እጃችን ወዴት እንደሚያዘነብል የምናይበትን ዓይነ ልቡና ይስጠን፤ ያየነውንም ለመናዘዝ ድፍረቱን፥ ከተናዘዝንም በኋላ ለማረም ትዕግሥቱን ያድለን።

ለእርሱ ክብርና ምስጋና ለዘለዓለም ይሁን፤ አሜን።